አሥራ አንደኛው አልጋ

ከሐይቁ ዳር፣ ዱሉዝ፣ ጋራዥ ናት ሱቄ፤
አርቪድ ካርቶን ያሽጋል፣ እሸጣለሁ ስቄ።
መኪናው ውጭ ያድራል በረዶ ለብሶ፣
ውስጡ የሕፃን ዕቃ ጣሪያ ድረስ ደርሶ፤
ጋሪ፣ ጡጦ፣ ካልሲ፣ የጥርስ ማሳከኪያ፣
ከከሰረ መደብር፣ ከሐራጅ ማለቂያ።

ያን መኸር አሥራ አንድ የሚወዛወዝ አልጋ
ሸጥኩኝ ባንድ ሳምንት፣ በደኅና ዋጋ።
«እንዴት ያምራል!» አሉኝ፤ አምስት ኮከብ ሰጡኝ፤
እኔም እንቅልፍ ሸጬ እንቅልፌን ተኛሁኝ።

መልእክቱ ግን ነበር።
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ካልተነበበው ክምር፣
ከጫማ ቅናሽና ከሎተሪው ግርግር
መሀል ተቀምጦ፣ ስሜን ይጠራ ነበር።

«ሞዴል ሰባ አራት ሐ። የጎን መቀርቀሪያው ይከፈታል።
ሕፃን ሲገላበጥ ፊቱ ከጨርቁና ከፍራሹ መሀል ይገባል።
መጠቀም ይቁም። መሸጥ ይቁም። ገንዘብ ይመለስ።»
ከታች አንድ ቁጥር፦ ሁለት።
የምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አርቪድ ነው የሚጽፍ፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት፤
«ሒሳብ ሹሙ!» እያልኩ የምሥቅበት።
ያቺ የሳቅኩባት የእርሳስ ጽሕፈት
ከጉድጓድ መውጫዬ መሰላል ሆነች።

አሥሩ መለሱልኝ። አንዷ ተሳደበች፣
አንዱ አመሰገነ፣ አንዷ አለቀሰች፤
አንዱም በመጥረቢያ ፈልጦ ፎቶ ላከልኝ፣
ከሸክሜ ላይ ጥቂት እንጨት አወረደልኝ።

አሥራ አንደኛዋ ግን፣ ሲግኒ ኦስትሩድ፣ ሂቢንግ።
ጻፍኩ፤ ዝም።
ደወልኩ፤ ዝም።

አካፋ፣ አሸዋ፣ ብርድ ልብስ ጫንኩና
ሰባ አምስት ማይል ነዳሁ በበረዶ ጎዳና፤
የብረት ማዕድኑን፣ ቀዩን ምድር አለፍኩ፣
ጓንቴን ሳላወልቅ በሯን ደበደብኩ።

ከፈተች። ልጁ በክንዷ ላይ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ሕያው።
ጉልበቴ ከዳኝ። «አልጋው?» አልኳት። «ያ የሚወዛወዘው?»
ሳቀች። «ጠበበው እኮ! ሸጥኩት፣ ስልኬ ላይ አውጥቼ፤
ለአንዲት ነፍሰ ጡር፣ ነዳጅ ማደያው ጋ አግኝቼ፣
በጥሬ ገንዘብ።»
«ስሟስ?»
«አልጠየቅኳትም።»
ቃሉ ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነም።

የፈሰሰ አይታፈስም ይባላል። ስለ ውሃ ይሆናል።
አልጋ ግን ይታፈሳል፤ ፈላጊ ካለው ይገኛል።
ስመለስ መንገዱን ይህን አልኩ፣ ደጋግሜ፣
ግማሹን ለማመን፣ ግማሹን ለቁመሜ።

ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሐይቁ ላይ ሳይነጋ፣
ዝርዝሩን ሳላነብ አልለጥፍም ዋጋ።
ዕቃ ሲገባልኝ ገልብጬ ሆዱን አያለሁ፣
ሞዴሉን፣ ዓመቱን በጣቴ አነባለሁ፤
ቁጥሩ ከተፋቀ፣ ቢያምርም አልሸጠውም።
«ያሳዝናል» ይላል አርቪድ።
አያሳዝንም።

ማታ ደግሞ እሱ ሲያንኮራፋ
ስልኬን እገልጣለሁ ሌሊቱ እስኪገፋ፤
ሶፋ፣ የበረዶ ጫማ፣ የዓሣ መረብ፣ ድስት፣
የማላውቃቸው ሰዎች ያወጡት ከቤት።
ግራ እግሩ ላይ ጭረት አለው፤ አርቪድ በካርቶን ቢላ
የሳተው ነው። ባየው አልስተውም፣ በቀለም ቢሸፍኑትም እንኳ።

«የምትወልደው» ብላኝ ነበር ሲግኒ፣ በሩን ስትዘጋው፣
«በረዶው ሲቀልጥ ነው።»

ትናንት ሌሊት ሐይቁ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።