የማይቆጠር ጨዋታ

ከመጋዘን ፈረቃ፣ ሌሊቱን ቆሜ አድሬ፣
እንቅልፌን በቀዝቃዛ ውሃ ካይኔ አባርሬ፣
ሰርፕራይዝ ገባሁኝ፣ አሪዞና ምድር።
«ድንገቴ» ማለት ነው፤ ግን እውነት ለመናገር፣
አንድም ድንገት የላት፤ ፀሐይዋ የትናንት፣
ሰማይዋ የትናንት፣ ደመና ያልዞራት።

አምና መቶ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ቡድኔ፣
ሬዲዮ ዘግቼ ምዬ ነበር እኔ፣
«ሁለተኛ!» ብዬ፣ ሁለተኛ ላላይ።
መሐላዬን ግን መጋቢት ፈታው፣
እንደ ጫማ ክር፣ መንገድ ላይ።

ወንበሩ ውድ ነውና ሣሩ ላይ ተነጠፍኩ፤
አንድ ቢራ ገዛሁ፣ በዋጋው ደነገጥኩ።
(እንግዲህ ድንገት ካልን ድንገቷ እሷው ናት።)
ከጎኔ ተቀምጣ ማርቪስ የሚሏት ሴት፣
ሠላሳ ዓመት ፖስታ ስታድል የኖረች፣
ደብተር ጭኗ ላይ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የመጣች፣
እያንዳንዷን ኳስ ትጽፋለች።
«አይቆጠርም እኮ፣ የሙከራ እኮ ነው» ብላት፣
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ
እንደ ተሳሳተ አድራሻ አየችኝ፣ አንድም ቃል ሳይወጣት።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤
እዚህም ሕጉ ያው ነው፣ የመጋቢት ደስታ።
ዳኛው ይስቃል፣ መቺው ይስቃል፣
ኳስ ያመለጠው ጓንቱን ገልብጦ
«ቀዳዳ አለው እንዴ?» ይላል።
አራተኛው ዙር ላይ ባለ ዝናዎቹ፣
ደመወዛቸው ስልክ ቁጥር የሚያህል አለኝታዎቹ፣
ቦርሳ አንጠልጥለው፣ በአጥሩ ጥግ ጥጉን፣
ሾልከው ወደ መኪና። ገና ሳናይ ጉዱን።

ሆልድሪጅ ግን መጣ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣
ተቀዶ ከተሰፋው ክርኑ ላይ ይታያል ስፌቱ።
ወረወረ፤ ተመታ።
ደገመ፤ ተመታ።
ሦስተኛዋ አጥሩን ዘላ፣ ከቆሙት መኪኖች
የአንዱን ደወል አስጮኸች ላፍታ።
እሱ ግን ክንዱን አየ፣ ጣቶቹን ዘረጋ፣
አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሕፃን ፈገግ አለ፣ ለብቻው፣ በዝግታ።
አላመመውም!
ከሣሩ ላይ ሆኜ ያቺን ፈገግታ አየኋት፤
የነጥብ ሰሌዳው አላወቃት።

ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ጀርባው ላይ ስም የሌለው፣
ዘጠና አንድ የሚል ቁጥር ብቻ ያለው፣
ሱሪው የሰፋበት አንድ ልጅ መጣ፤
በድምፅ ማጉያው የሌላ ሰው ስም ወጣ።
«ማነው?» አለች ማርቪስ። ዙሪያውን ጠየቅን፤
ማንም የሚያውቀው አጣን።
እርሳሷን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ያቺ ድምፅ መጣች።
ጩኸት አይደለችም፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ንጹሕ፣
በብርዱ ወራት ከሹካ መኪናው ኳኳታ መሀል
ጆሮዬ የፈለጋት።
ኳሷ ፀሐይ ውስጥ ገባች፤ ሁላችንም አጣናት፤
ከዚያ ሣሩ ላይ አንዴ ነጥራ፣
ያቺን ውድ ቢራዬን ደፍታ፣
እግሬ ሥር አረፈች።
ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሌባ ሮጠ፣ ሦስቱንም ማዕዘናት፤
በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀስ ተብሎ እንደሚዞር
የነገረው የለም በዚያች ሰዓት።
ማርቪስም ስሙ በሚጻፍበት ቦታ
«91» ብላ ጻፈች፣ እርሳሱን ጠበቅ አድርጋ።

ዘጠነኛው ሲያልቅ አምስት ለአምስት ሆነ፤
ጭማሪ የለ፣ ፍርድ የለ፣ ሕዝቡ ተበተነ።
እኩል መውጣት ለኛ፣ ካምናው ሲተያይ፣
ድል ነው እንጂ ምንድን ነው? እያልኩ ወጣሁ፣
ግራ ጉልበቴ ብቻ ተቃጥሎ በፀሐይ።

ሐሙስ ዕለት ዝርዝር ወጣ፣ ከተሰናበቱት።
የዘጠና አንድን ስም ያኔ አነበብኩት፦
ኔልፊ አርቴያጋ።
ሙሉ ስሙን የጻፉት ሲያሰናብቱት ነው።
ለማርቪስ ልንገራት ብል፣ ቦታውን ክፍት አትተይው ልል፣
ያቺ የሰው ሁሉ አድራሻ በቃሏ የነበረች፣
የሷን አድራሻ አላውቀው።

ኳሷ መኪናዬ ውስጥ ናት፤ ከወንበሩ ሥር።
ፍሬን ስይዝ ትመጣለች፤
ነዳጅ ስረግጥ ትሄዳለች።