ከፊሽካው በኋላ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በኔ ሰዓት አስር፣ በቂርያት ጋት አራት
(ልጄ ሰዓት ማንበብ አይችልም ይላሉ፤ ምን ይፈረድበት፣
ሁለት ሰዓት ቆጥሮ ባደገበት ቤት)፣
ከውሃው ማማ ሥር፣ ከቦምብ መጠለያው ጀርባ፣
የሜዳው በር ሲከፈት ቀድሞ እሱ ነው 'ሚገባ።

ሳሩ ሳር አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው አረንጓዴ፤
የጎማ ፍርፋሪውን በጫማው ሞልቶ ቤት ያመጣል አንዳንዴ፣
ምንጣፍ ላይ ያራግፈዋል። እናቱ ትቆጣለች።
እኔ ግን አይቻታለሁ፤ ስትጠርግ ፈገግ ትላለች።

ስሙ እያዩ ነው። ትምህርት ቤት ግን ሮኢ ይሉታል።
በሁለቱም ሲጠሩት፣ ቆይቶ፣ አስቦ፣ "አቤት" ይላል።
አስራ ስድስት ዓመቱ ነው።
ፊደል ፊቱ አይቆምም፤ ያዝኩት ሲል ያመልጠዋል፣
ቀኝና ግራው እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰሉበታል።

አንድ ቀን ወረቀት መጣ፣ ማህተም ያለበት፣
ከሐኪም ይሁን ከዳኛ፣ እኔ እንጃ የመጣበት።
ይዤው ቁጭ አልኩ እሱ ፊት፤ አየሁት፣ አየኝ፤
እሱንም አላናገረው፣ እኔንም አላናገረኝ።
የዕብራይስጥ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
አባትና ልጅን አልፎ ሄደ፣ ሰላም ሳይል፣ ሳያወራ።

የጎረቤት ልጅ አነበበችልን፣ ዝቅ አድርጋ ድምጿን፣
አራት ገጽ ሙሉ። ስትጨርስ አወለቀች መነጽሯን።
እኔም ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤
ልጄንም ከሱ ጋር፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ እዚያው ቆለፍኩት።
ሰርግ አልወሰድኩትም። "አሞት ነው" አልኩ፣ "የታለ?" ሲሉኝ፤
እሱን ምንም አላመመው። "ሰው ምን ይለኛል" እኔን ነው ያመመኝ።

ኦስናት መጣች አንድ ቀን፣ ፊሽካ ባንገቷ አንጠልጥላ።
"ጫማው ስንት ቁጥር ነው?" አለች። አላለችም ሌላ።
ቀይ ጨርቅ ቀኝ እጁ ላይ አስራ፣ "በቀዩ በኩል ሩጥ!" ስትለው፣
ቀኝ የሚሉት አገር ወዴት እንዳለ ያኔ ታየው።

ባለፈው ከራሃት ልጆች ጋር ገጠሙ። አውቶቡስ ሙሉ መጡ፤
አንዱ ጩኸት ፈርቶ ጆሮውን ይዟል፤ ሁለቱ አኩርፈው ቀሩ፣ ኋላ ግን ወጡ።
ሐምሲን ነበር፣ አፍ የሚያደርቅ ንፋስ፣ አቧራ ከነጌቭ አምጥቶ።
አራት ለባዶ ተመራን፤ ማን ቆጥሮ፣ ማንስ ተከፍቶ።
(የኛው ኤልያሺቭ ግብ በገባ ቁጥር፣ የማንም ይሁን፣ ያጨበጭባል ተነስቶ።)

ፊሽካው ተነፋ። አለቀ። ሁሉም ሮጠ ወደ ውሃው።
እያዩ ግን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አልገባው።
ኳሷን ይዞ፣ ብቻውን፣ በቀዩ በኩል፣ በቀዩ በኩል፣
ወደ ባዶው ግብ ይነዳል፤ ምን አስቸኩሎት ይቸኩል።

ሰዉ ያያል። ወላጅ በሙሉ ያያል።
"ተው፣ ና!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ እፍረት ጉሮሮ ይይዛል።
ያን ጊዜ የራሃት በረኛ፣ ጃቢር የሚሉት ቀጫጫ ልጅ፣
ጠርሙሱን ጥሎ ተመለሰ፣ አንዱን ጓንት በጥርሱ ነክሶ፣ አንዱን አጥልቆ በእጅ።
ግቡ መሐል ቆመ። ጉልበቱን አጠፈ። ዓይኑን ኳሷ ላይ ጣለ።
ልቤም፣ "ደግ ልጅ ነው፣ ሊያሳልፍለት ነው" አለ።

እያዩ መታ።
ጃቢር ተወረወረ፣ በሙሉ ቁመቱ፣ እንደ ዋንጫ ጨዋታ፤
በጣቱ ጫፍ ገፍቶ አወጣት። ክርኑ ተላጠ ባንድ ቦታ።

አልራራለትም።
ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ያላደረግኩለትን አደረገለት፦
ልጄን እንደ ተጫዋች ፈራው፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን አወጣበት።

እያዩ ቆመ። ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ተናደደ፤
"ማዕዘን ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ወደ ባንዲራው ሄደ።
እውነቱን ነው። ማዕዘን ነበረ።
ኦስናት ፊሽካዋን ነፋች፤ ያለቀው ጨዋታ ጀመረ።

የማዕዘን ምቷ አጥር ዘላ መኪና ላይ አረፈች፤
መስታወት ሰነጠቀች። መኪናዋ የኔ ነበረች።

"ማነው እሱ?" አለኝ ካጥሩ ሥር የቆመ አንድ ያገሬ ሰው።
"እያዩ።"
"እያየሁማ ነው! ስሙን ንገረኝ እንጂ፣ የማን ልጅ ነው?"
ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቤት ያለው መሳቢያ ሳይቀር እንዲሰማው፣
"ስሙ ነው" አልኩት። "እያዩ። የኔ ነው።"