እጅ መንሻ

ቆርቆሮው ዝጓል፤ ክዳኑ አልላቀቅ ብሏል፤
በማንኪያ ጀርባ መታ መታ ባደርገው ተንፍሷል።
ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤
ፊልም ሲያረጅ እንደ ከረመ ጠላ ይሆመጥጣል።
ከላይ በእርሳስ፦ «ሲግሩን። ጊምሊ። ሰባት ደቂቃ።»
ስም፣ ከተማ፣ ልክ። በቃ።

ዊኒፔግ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ውጭ ጥር መኪና ሲቀብር፣ መንገድ ሲውጥ ይውላል፤
እኔ ነጭ ጓንት አጥልቄ
የማላውቃትን ሴት ክረምት እቆጥራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ፣
ፍሬም በፍሬም፣ እንደ ምስር ለቀማ፣
ጠጠር እንዳያመልጠኝ፦ አቧራ፣ ጭረት፣ ጨለማ።

አንድ ዓይና ድብ አለ፤ ሁለተኛው ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ።
የእንጨት ዳክዬ አለች፤ በሦስት ጎማ ስትሄድ፣ አንዴ ዘንበል፣ አንዴ ድግፍ።
የቆርቆሮ ወታደር አለ፣ የከበሮው አንድ ዱላ የጠፋበት፤
ባዶውንም እጁን ያነሣል፣ ተራው ሲደርስበት።

ታሪኩ ይኸው ነው፦ ሱቁ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣
ድቡ ከመደርደሪያው በሆዱ ተንሸራቶ ይወርዳል፣
የዳክዬዋን አራተኛ ጎማ ፍለጋ
በሐይቁ ላይ ይሄዳሉ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ሐይቁ አንሶላ ነው። በረዶው ጨው ነው፣ የወጥ ቤት ጨው።
ጨረቃዋን የመጥበሻ ክዳን ናት ብዬ ጠረጠርኩ፣ እጀታዋን አይቼው።

ቀን ቀን ዓሣ ታጸዳ ነበር አሉ፣ ከሐይቁ ዳር መጋዘን፤
ማታ ከጀልባው ቤት ትገባለች፣ ሁለት አምፖል ታበራለች፣
ድቡን በፀጉር ስፋት ትገፋዋለች፤ እጇን ታወጣለች፤ ቀጭ።
ትገፋዋለች፤ ታወጣለች፤ ቀጭ።
አንድ ሰከንድ ለመኖር ሃያ አራት ጊዜ መነካት፣
ሃያ አራት ጊዜ ደግሞ መተው፣ ብቻ መቅረት።
ሕይወት ያልነው፣ ስንቆጥረው፣
እጅ ከወጣ በኋላ የተነሣው ነው።

አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት ላይ ግን፣ ደክሟት ነው መሰል፣
እጇ አልወጣም። ከድቡ ትከሻ ላይ ቀርቷል።
አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣
ቢላ ሳይቆርጣት አይቀርም፤
ጥፍሯ ሥር የዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።
ከሲግሩን በዚህ ምድር የቀረ ምስል እሱ ነው፤
ፊት የለው፣ ድምፅ የለው፣
የሰከንድ ሃያ አራተኛ።

አለቃዬ ሶላንዥ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
«ስህተት ነው» አለች፣ «አጥፊው፤ ማሽኑ ክፍተቱን ይሞላ።»
በእኛ አማርኛ ሲመለስ፣ «እጅ ንሺ» ማለቷ ነው።
እሺ አልኩ።
ጓንቴን አወለቅሁ፣ ከወንበሬ ተነሣሁ፣
ለአንዲት ፋሻ፣ ለአንዲት አውራ ጣት፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ፤
ወደሚቀጥለው ፍሬም አለፍኩ።

በየካቲት ጊምሊ አዳራሽ ታየ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው፣
ጫማቸው በር ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣
ሳቃቸው ከወታደሩ ምት ቀድሞ ሲፈነዳ፣
ኢቫር የሚሉት፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ብድግ አለና
«እጅ! እጅ አየሁ!»
«የምን እጅ? በራሳቸው ነው የሚሄዱት» አለች እናቱ፣ ኮሌታውን ይዛ።
ወደ ኋላ ዞሮ ብርሃኑን አየ፣ ወደ ፊት ዞሮ ድቡን፣
ቀጥሎ የራሱን መዳፍ፣ እንደ አዲስ፣ ውስጡንና ጀርባውን፤
ከዚያ ወደ ላይ ዘረጋው፤
አንድ ትልቅ ጥቁር እጅ ሐይቁን አለበሰው፣
ድቡን በትከሻው ያዘው።
«ቁጭ በል!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።
ቁጭ አለ።
ዳክዬዋ ጎማዋን ጨው ውስጥ አገኘች።