ሠላሳ ርምጃ

ኤሮ ሥራ አጥቶ ከሄልሲንኪ መጣ፣
«ጋራዡ ይበቃኛል» ብሎ ፍራሹን አወጣ።
ከጎማ ክምር፣ ከጀልባ ሞተር ጋር አደረ፤
ክፍሉ ቤት ውስጥ ተነጥፎለት፣ እዚያው ውሎ እዚያው ኖረ።

አባቱ ታይስቶ የማጽናኛ ቃል አያውቅም፤
መቆፈር ግን ያውቃል፤ ወገቡ ቢነግረው አይሰማም።
መሬቱ ሳይደድር፣ ውርጩ ሳይቀድመው፣
ከቤት እስከ ጋራዥ ሠላሳ ርምጃ ቆጠረው፤
ቦይ ቀደደና በብርቱካንማ ቱቦ
ገመዱን ሰደደ፣ የጥዱን ሥር ከቦ።

አሮጌውን ራውተር ከመሳቢያ ፈልጎ፣
አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ፣
ከመፍቻዎቹ ጎን ምስማር ላይ ሰቀለው።
ጎረቤቱ ሲርካ በስልክ መከረችው፦
«ሁለቱም አድራሻ እናድል ካሉ
ስልኩን ኮምፒውተሩን ያደናብራሉ፤
አዳዩ አንድ ይሁን፣ አንደኛው ዝም ይበል።»
«የትኛው?» አላት።
«የጋራዡ ይሻላል።»
«እሱማ» አለ ታይስቶ፣ በመስኮቱ እያየ፣
«ከመጣ ጀምሮ ዝም እንዳለ ቆየ።»

ለሁለቱም ራውተር አንድ ስም ሰጣቸው፤
የይለፍ ቃሉ ያው ነው፣ የሞተች ውሻቸው
ስም፤ ለኤሮ መንገር አላስፈለገው።

ማታ ስልኩ ጮኸ።
«አባዬ፣ ገባልኝ።»
ምኑ እንደገባለት አልጻፈም።

ታይስቶ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣
ባንድ ጣት ፊደል ለቅሞ፣ ሁለቱን ስቶ፣
«ሾርባ አለ፤ ሳይቀዘቅዝ» ብሎ ላከለት።
ከዚያ ተነሣና፣ ውርጩ እየገባበት፣
በሩን ገርበብ አደረገው።