ታኮ

ሰኔ ሊገባ ነው፤ ሱሉልታ ጠቁሯል፣
በጉርሜሳ ደጃፍ ጎማ ተደርድሯል።
አንዱ አዲስ ጎማ፣ ጥርሱ ጣት የሚውጥ፣
ሌላው የታደሰ፣ በግማሽ የሚሸጥ።
ሳንቲም ሰክቼበት ጥልቀቱን ብለካ፣
አንበሳው በሙሉ ይሰምጥ ኖሯል ለካ።
«ጭቃ ይተፋል ይሄ፣ በረዶም ይነክሳል»፤
ዋጋው ላይ ሲደርስ ግን ጉርሜሳን ያዘው ሳል።

አምና በነሐሴ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት፣
በረዶ አስፋልቱን ባቄላ ዘራበት።
ጥርስ አልባው ጎማዬ አልነክስም አለ፣
አይሱዙው በጎኑ ገደል ላይ ዋለለ።
ቶሌራ ዘለለ ድንጋይ ተሸክሞ፣
ጎማው ሥር ወሸቀው፣ ጣቱን አስቀድሞ።
ጠጠሩ ተረፈ፣ መኪናውም ቆመ፤
ከበረዶው መሀል ቀይ ነገር ታተመ።

ያለኝ ብር ሁለት ነው ከመሬት የሚያነሳ፤
«ለፊት ነው ለኋላ?» ጠየቀ ጉርሜሳ።
መሪው ያለው ፊት ነው፣ ጭነቱ ከኋላ፤
የፊቱ ከከዳ እኔን ነው የሚበላ፤
ሒሳቡን ስደምር ሲጠፋብኝ መላ፣

ቶሌራ ቸርኬውን እያጠበ በአራት ጣት፣
ቀና ሳይል አለኝ፣
«ለኋላ ይሁናት፤
ታኮ ጣይ እኔ ነኝ።»

ዋጋ አልተከራከርኩም።