አራተኛው ቤት

አባቴ ዘር ሲቆጥር አራተኛው ላይ ያስለዋል።
«አንለይ… ጫኔ… ደርሶ…» ይልና ጉሮሮውን ይይዘዋል፤
ጋቢውን አጣፍቶ በጎኑ ዞር ይላል፣
ውሃ ተጎንጭቶ «እንግዳ!» ብሎ ይዘላል።
ሳል ይመስለኝ ነበር። ልጅ ምን ያውቃል?

ዘንድሮ የእህቴን ልጅ የሞጣ ሰው ጠይቆ
ሽማግሌ መጣ ከደጃችን ዘልቆ።
«ሰባት ቤት ቁጠሩ፣ ዝምድና እንዳይኖር» ሲሉ
እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ፣ እንደ ተማሪ፣
አባቴን እየተከተልኩ ጣቴን አጠፍኩ።
ስድስት ሆኑ።
አንዲት ጣት ቆማ ቀረች፣ ሰው የሌላት፣
እንደ ወና ቤት።

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ሆንኩ።
በወር ማኅበራችን፣ ጽዋው ሳይዞር፣
በለቅሶ ድንኳን፣ ሰው ካርታ ሲጫወት ሲያድር፣
በቢቸና ገበያ፣ ከማር ሻጮች ተራ፣
«አራተኛው ማነው?» እያልኩ ስጣራ
ሰው ያለውን ሰጠኝ፣ ቁራሽ በቁራሽ።
ሙሉውን የያዘ አንድም አላገኘሁም፤
ባዶ እጄን የሰደደኝ ግን የለም።

የወፍጮ ቤቱ ይርሳው ከፌስታል አወጣ
ጭቃ ሹም አያቱ ያስቀመጡትን የግብር ደረሰኝ፤
«ደርሶ ጓ…» ይላል። የቀረውን ምስጥ በልቶታል።
«ጓሉ? ጓዴ? ጓንጉል?» አለኝ እየሳቀ፣
«ምስጥም ዘር ይቆጥራል፣ ካንቺ ቀድሞ ዐወቀ!»

መሪጌታ ክንፉ አሮጌውን ዳዊት ይዘው ወጡ፣
አንዱን ቅጠል በፀሐይ አነሡልኝ። አላነበቡም።
ቀዳዳ አለው፣ በጅማት የተሰፋ፣
ጸሐፊው ዞሮት ያለፈ፣ ቃሉ እንዳይጠፋ፤
ከግርጌው ደግሞ አንድ መስመር ሳስቷል፣
ብርሃን ያሳልፋል፣ ጣት ሲነካው ይሻክራል።
«ስም ነበር» አሉ፣ «ብራናውን ያለፋው ሰው።»
«ማን ፋቀው?»
ቅጠሉን መለሱ። ዳዊቱን በማኅደሩ ከተቱ።
«ወንድሞቹ ናቸው ይባላል፤ አንዱ ቅስና ሲቀበል።»

ስሙን የሞላችልኝ አልቃሿ እታጉ ናት፣
ዐይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጆሮዋ ግን ምን ጎሎት።
ከሴት አያቷ የወረሰችውን፣
«ይኼ ለወግ አይሆንም» ብላ የደበቀችውን
በሹክሹክታ አወጣችው፦

    «ለዳዊት ለድርሳን ቆዳ ሲፍቅ ኖሮ፣
    ወንድም ፋቀው አሉ ያለ ምላጭ ዘንድሮ፤
    ወይ ጓንጉል…»

እናም አለቀሰች። ከመቶ ዓመት በኋላ፣
አይታው ለማታውቀው ሰው።

ፋቂ። ለካ ይኼ ነው ሳሉ።
ከሱ ጋር አይበሉም፣ ለሱ ልጅ አይድሩም፣
ያለፋውን ቆዳ ግን በግንባራቸው ይሳለማሉ።

ሽማግሌዎቹ ዳግም መጡ። አባቴ ጀመረ።
«አንለይ… ጫኔ… ደርሶ…»
ሳሉ ከመድረሱ በፊት እኔ ገባሁ፦
«ጓንጉል። ፋቂ ነበር።»

ጠላው በዋንጫው ሲፈላ የሚሰማ መሰለኝ።
አባቴ አላየኝም። አውራ ጣቱ የጋቢውን ጥለት
ይፍቃል፣ ይፍቃል።

የልጁ አጎት ዋንጫውን ዝቅ አድርጎ፣
«የኛ አምስተኛው» አለ ድምፁን ጠርጎ፣
«ሸማኔ ነበረ። ስሙን ግን… አልነገሩኝም።
የሚያውቅ አይጠፋም። ከጠየቅሽ አይቀር፣
የኔንም ጠይቂልኝ።»

«ከየትኛው ጎጥ?» አልኩት፣ እስክሪብቶ እየፈለግሁ።
አባቴ አሳለ።
ይኼኛው የእውነት ነበር፤ የጮቄ ብርድ መትቶታል።