የኪራይ መጽሐፍ

ሌሊቱን ቆሜ ነጋ፣ ከክር ጋር አድሬ፣
ጥጥ የመሰለ ጭጋግ በአናቴ ቋጥሬ።
ሐረጎን ስንወጣ፣ ሚኒባስ ታጭቀን፣
ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል፣ ነቃን፣ ተሳቀቅን።
ማሽኑ ኮምቦልቻ ቀርቶ፣ ድምፁ ተከትሎኝ፣
ራሴ እንደ እንዝርት ሲዞር አንገዳግዶኝ፣
«ደከመኝ» ለማለትም ቃሉ ደክሞኝ ነበር።

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ላስቲኩን ወጥሮ፣
ጋሼ አረቡ አለ፣ መጽሐፉን ደርድሮ።
መታወቂያ አይዝም፣ ስምም አይመዘግብ፣
«ዝናብ እንዳይነካው» ይላል፤ «ዝናብ፣ ዝናብ።»
አንዱን አነሳሁት፣ ሽፋን የሌለው፣
ስምንት የፊት ገጹን በርበሬ የወሰደው።

ከመሃል ጀመርኩት።
አንዲት ሴት በታንኳ ሐይቅ ታቋርጣለች፣
የሟች አባቷን ሰዓት በጉያዋ ይዛለች።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በሽቦ አልጋዬ ላይ፣
እግሬን ውሃ ነካኝ፣ ሐይቅ ሳልሄድ ሳላይ።

ከገጹ ኅዳግ ላይ አንዱ በእርሳስ ጽፏል፣
«አትሂጂ! ይቅርብሽ!» ብሎ ይለምናታል።
ከሥሩ ሌላ ሰው በቢክ መልስ ሰጥቷል፦
«ተዋት እንጂ ትሂድ፤ አንተን ማን ጠርቶሃል!»

ሳቅሁ። ብቻዬን። ግድግዳው ሰማኝ፣
እትዬ ዘሐራ ከማዶ «ምነው፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።
ደህና ነኝ፣ እትዬ።
ድካም ማለት ለካ የአንድ ድምፅ ብዛት ነው፤
ሌላ ድምፅ ሲገባ ነው ሰው የሚመለሰው።
መቼ እንደወሰደኝ እንቅልፉን አላውቅም፤
ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል በጉያዬ፣ ግን አይረብሽም።

ማታ ልጨርሰው ብዬ፣ ታንኳዋ ልትደርስ ስትል፣
ዳር ላይ የቆመ ሰው እጁን ሲያነሣ፣ ቅጠሉ ተገንጥሏል።
ማን ነው ያ የቆመው?

ይህን ጥያቄ ብቻ ለስንቅ ያህል ይዤ፣
ወደ ሥራ ወረድኩ፣ በጭጋግ ተጉዤ።
የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው ሥራዬ፤
ስንት ዓመት ቀጠልኩት፣ ጣቴን ብቻ ልኬ፣ ሳይኖርበት ልቤ።
ዛሬ ግን ሴትየዋን ከዳር ቀጠልኳት፦
አንዱን ክር ከወንድሟ፣ አንዱን ከባለ ዕዳ፣
አንዱን ከማላውቀው፣ ስም ከሌለው እንግዳ።
ደግሞ ፈታሁትና፣ ደግሞ ሌላ አሰርኩ።

ካቦው ሙህዬ መጥቶ፣ «ምን ያስቅሻል?» አለኝ።
«ዝናብ እንዳይነካት ብዬ ነው» አልኩት።
ጥቂት አየኝና፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ተወኝ።